የቤንዚን ታንከር ክዳን አትብሱ፣ በፌስታልም አትወትፉት

ዛሬ ስለ ፍሬን ልጽፍ ነበር፤ ጋራዥ የገባች አንዲት ቮልስ ግን አላስቻለችኝም። የታንከሯ ጣሪያ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ባለቤቷ፣ ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው፣ መንገድ ላይ እየጠፋች ስላስቸገረቻቸው የቤንዚን ፓምፓ አስቀይረዋል፣ ካርቡራተር አስፈትተዋል፣ ኮይል ገዝተዋል። የታንከሩን ክዳን ስከፍተው «ፍሽሽ» ብሎ አየር ሳበ። ከሥሩ የታጠፈ ፌስታል ተወትፎበታል። ያን ሁሉ ብር ያስበላቸው ይኸው ፌስታል ነው።

ይህ አልበቃ ብሎ ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ከቻናል ቻናል እየዞረ ነው፦ «መኪናችሁ እየጠፋ ካስቸገራችሁ ክዳኑን በትራፓኖ ብሱት» የሚል። በሺህ የሚቆጠር ሰው ወዶታል። ስለዚህ በቁጥር ላስረዳ።

1. ታንከር መተንፈስ አለበት። ፓምፓው ቤንዚን በሳበ ቁጥር በቦታው አየር ካልገባ የውስጡ ግፊት ይወርዳል፣ የውጭው አየር ላሜራውን ይጫነዋል። ጀሪካን በአንድ አፉ ስትቀዱ ጉልቅ ጉልቅ እያለ የሚቆራረጠው በዚሁ ምክንያት ነው። የውጭው ግፊት በአንድ አሥረኛ ባር ብቻ ቢበልጥ፣ ሩብ ካሬ ሜትር ላሜራ ላይ ወደ 250 ኪሎ ጫና ያርፋል። ፌስታሉ የሚወተፈው የክዳኑ ጎሚኒ ስላለቀና ኩርባ ላይ ቤንዚን ስለሚፈስ ነው። ጎሚኒውን ቀይሩ! ፌስታል ደግሞ ቤንዚን ውስጥ ሲቆይ እየላላ ይቦጫጨቅና ታንከሩ ውስጥ ገብቶ መውጫውን ይደፍነዋል።

2. ከፍታ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቤንዚን እዚህ ቶሎ ይተናል። ታንከሩ እንደታፈነ ከአዋሽ ሙቀት ተነስታችሁ ሽቅብ ስትመጡ ውስጥ ያለው ትነት እየገፋ፣ የውጭው አየር እየሳሳ ይሄዳል። ቤንዚኑ ፓምፓውን አልፎ የካርቡራተሩን መርፌ ያሸንፈዋል፤ ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ያወጣል። ይሄኔ መካኒኩ ካርቡራተሩን መፍታት ይጀምራል።

3. ክዳን መብሳት። እዚህ ላይ ነው የምናደደው። የቮልስ ታንከር የት እንዳለ አስቡ፦ ፊት ኮፈን ሥር፣ ከሹፌሩ ጉልበት ፊት ለፊት። እ.ኤ.አ. ከ1968 በፊት በነበሩት ሞዴሎች ቤንዚን የሚሞላው ራሱ ኮፈኑ ተከፍቶ ነው። ክዳኑን ከበሳችሁት ትነቱ እዚያው ይወጣል። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል፣ ከዚያ በዳሽቦርዱ ሥር ባሉት ክፍተቶች እናንተ ጋ ይገባል። የዳሽቦርዱ ሽቦዎች ጀርባ እዚያው ኮፈን ውስጥ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ እሳት የሚይዝ ትነት ያወጣል፤ ላልቶ የሚፈነጥር አንድ ሽቦ ይበቃዋል። ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ደግሞ ፈሳሹ ራሱ በቀዳዳው ይረጫል። መኪናው ከተገለበጠ የሚሆነውን አልጽፍም።

«ቮልስ ድሮም ይሸታል» የምትሉኝ አላችሁ። ጤነኛ ቮልስ ቤንዚን አይሸትም! ቤንዚን ውስጥ ካሉት ኬሚካሎች አንዱ ቤንዞል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ ያስቀመጠው። ልጆቻችሁን ከኋላ ጭናችሁ ያንን ስታሸትቱ መዋል የክላሲክ መኪና ወግ አይደለም።

ፋብሪካው መተንፈሻ ሠርቶለታል። በአንዳንዱ ሞዴል ክዳኑ ውስጥ ነው፣ በሌላው ከታንከሩ የሚነሳ ቀጭን ቱቦ ነው። ቱቦው በጭቃ ይደፈናል፣ ይታጠፋል፣ ከሥር ካትራም ሲቀባ አፉ አብሮ ይቀባል። መፍትሔው ቱቦውን ከታንከሩ ነቅሎ በቀስታ ማናፋት ነው። ኮምፕረሰር ታንከሩ ላይ እንዳትለቁ፤ ይቀደዳል። ጥርጣሬ ካላችሁ መኪናው ሲጠፋ ክዳኑን ክፈቱ፤ አየር ስቦ ከዚያ ደህና ከሄደ ፓምፓ አትግዙ።

ዓመታዊው የመኪና ምርመራ ላይ መብራት ይታያል፣ ፍሬን ይታያል። የታንከር ክዳን የሚከፍት፣ ኮፈን ውስጥ አፍንጫውን የሚያስገባ አላየሁም። ክዳኑ የተበሳ መኪና ቦሎ ለጥፎ ይወጣል። ክዳኑን ከፍቶ ማየት እንደ እኔ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፣ መታለፉ ግን ሰው ሊያቃጥል ይችላል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል፤ እንግዲህ ያሉን አሮጌዎች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይከርማሉ። ታዲያ ካሁን ካልተመረመሩ መቼ ሊመረመሩ ነው?

4. ጥቁሩ የከሰል ጣሳ። አሜሪካ ውስጥ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ለ1970 ሞዴሎች፣ ከዚያ መላ አገሪቱ ለ1971 ሞዴሎች፣ የታንከር ትነት አየር ላይ እንዳይለቀቅ አስገደዱ። ለዚህ በተገጠመው ጣሳ ውስጥ ያለው ከሰል መኪናው ቆሞ ሳለ ትነቱን ይይዛል፤ ሞተሩ ሲነሳ አየር ያልፍበትና ትነቱ ተመልሶ ይቃጠላል። ቮልስ ላይ ይህን አየር የሚገፋው የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፋን ነው። «ጣሳውን ንቀሉ፣ ቤንዚን ይቆጥባል» የሚለው ውሸት ነው፤ ጣሳው የሚባክነውን ነው የሚመልስላችሁ። ነቅለው ቱቦውን በብሎን የሚወትፉት ደግሞ ታንከሩን መልሰው አፈኑት።

ሌላ፣ «እስከ አፉ ሙላው» ማለት ተዉ። የማደያው ሰልፍ ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ከምድር ሥር የወጣ ቀዝቃዛ ቤንዚን 40 ሊትር ሞልታችሁ ፀሐይ ላይ ስታቆሙት፣ 15 ዲግሪ ቢሞቅ ከግማሽ ሊትር በላይ ይጨምራል። ቦታ ካጣ በመተንፈሻው ይወጣል፤ ጣሳ ካለው ከሰሉን በፈሳሽ ያበላሸዋል።

የውሃ ላስቲክ በቤንዚን ቱቦ ቦታ አትጠቀሙ፣ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ታንከር የምታስበይዱ ደግሞ፦ ባዶ ታንከር ከሙሉው ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ውስጡ ትነትና አየር ተቀላቅሎ ይጠብቃል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው አጥቦ ትነቱን ሳያስወጣና የቀረውን ቦታ ውሃ ሳይሞላበት ብየዳ እንዳታስነኩት።