ቦቱ ትንሽ ይዘግይ

እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና፣ አቦሉ ሳይቀዳ የአጎቴ ልጅ ማውዙን ወረወረ፦ «ቦቱ ያጭበረብራል!»

ጨዋታው በ2004 (እ.ኤ.አ.) የወጣው «ካውንተር ስትራይክ፦ ኮንዲሽን ዜሮ» ነው። የሁላችንም ቦታ ሚሞሪው ውስጥ ስላለ ለኮምፒውተር አለመሳት ቀላል ነው፤ የሚከብደው እንደ ሰው መዘግየትና መሳት ነው። የቦቶቹ ደራሲ ማይክል ቡዝ ጠባያቸውን «ቦትፕሮፋይል.ዲቢ» በሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል እንድንቀይር ትተውልናል። ኖትፓድ ይበቃል።

የተጋጣሚዎቹን «ሪአክሽን ታይም» ጨመርኩ። ትተውን ለሚሮጡት ጓዶቻችን ደግሞ «ቲምወርክ»ን ከፍ አደረግኩ፤ እኔን ያናደደኝ እንዲያውም ይሄኛው ነበር። «ስኪል»ን አልነካሁም፤ ልጁ ያቄለ ጠላት አልጠየቀም።

በረካው ሲቀዳ አሁንም ተሸንፏል፤ «አንድ ዙር ብቻ ጋሼ» ይላል።