ለማስተማር መሄድ፣ አስተምሮ መመለስ



እዚህ ተቋም ውስጥ ስለ ምደባ ሳይወራ የሚውልበት ቀን የለም። ማን የት ይደርሰዋል? መኪና ይገባል ወይ? ውሃ አለ ወይ? እንላለን። ከመካከላችን ቀለበት ያሰሩም አሉና «ሁለታችንን አንድ ትምህርት ቤት ይመድቡን ይሆን?» የሚለው ጭንቀት በየመኝታ ክፍሉ ይሰማል። ስለ መሄድ ይህን ያህል ስናወራ፣ ስለ መመለስ ግን አንድም ሰው ሲያነሳ ሰምቼ አላውቅም። መምህር ሁሉ አንድ ቀን ካስተማረበት ቦታ መነሳቱ አይቀርም። አነሳሱም እንደ አመጣጡ ዝግጅት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ይህን ለማስረዳት የመረጥኳቸው ከሩቅ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ለአባቶቻችን ግን የቅርብ ነበሩ። እነሱም ባልና ሚስት ሆነው ከሕንድ አገር መጥተው ያስተማሩ መምህራን ናቸው።

ከየት መጡ? ለምን መጡ?

እንደሚታወቀው፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እየተከፈቱ ሲሄዱ በዲግሪ የተመረቀ ኢትዮጵያዊ መምህር እጅግ ጥቂት ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ስለሆነም ከውጭ አገር መቅጠር ግድ ሆነ። ከተቀጠሩት መካከል ብዙ ሕንዳውያን ነበሩ፤ ከነሱም ብዙዎቹ የመጡት ኬረላ ከምትባለው የሕንድ ክፍለ ግዛት ነው።

ኬረላ በደቡብ ምዕራብ ሕንድ፣ በዓረቢያ ባሕር ዳር የምትገኝ ረጅምና ጠባብ አገር ናት። ቋንቋዋ ማላያላም ይባላል። ትምህርት ቀደም ብሎ የተስፋፋባት፣ ሴት ልጅም ከብዙዎቹ የሕንድ ክፍሎች ቀድማ የተማረችባት ናት። ነገር ግን የተማረው ሰው ካለው ሥራ በለጠ። እኛ ዘንድ መምህር ሲታጣ እዚያ ዲግሪ የያዘ ሰው ሥራ ይፈልግ ነበር ማለት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሕንድን የጎበኙት በ1949 ዓ.ም. ቢሆንም፣ ሕንዳውያን መምህራን ግን ከዚያም በፊት እዚህ ያስተምሩ ነበር።

ባልና ሚስት ሆነው መምጣታቸው ለሁለቱም ወገን ጥቅም ነበረው። ለእነሱ ሁለት ደመወዝና አንድ ቤት ነው። ለትምህርት ቤቱ ደግሞ ቶሎ የማይሰለቹ ሁለት መምህራን ነው፤ ብቻውን የመጣ ሰው ናፍቆቱ ቶሎ ያስነሳዋልና። ከዚህም በላይ የኛ ሴት ተማሪዎች አንዲት ሴት ሳይንስ ስታስተምር በዓይናቸው አዩ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኑሯቸው ምን ይመስል ነበር?

ከዚህ በታች የምጽፈው ከአባቴ የሰማሁት ነው። አባቴ በ1973 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ባለች አንዲት የአውራጃ ከተማ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበሩ። ፊዚክስ የሚያስተምሯቸው ሕንዳዊ ሲሆኑ፣ ባለቤታቸው ባዮሎጂ ያስተምሩ ነበር። ተማሪው በስማቸው አይጠራቸውም፤ እሳቸውን «ሚስተር»፣ ሴትዮዋን «ሚስስ» ነበር የሚለው።

ኑሮ በመጀመሪያ ያስቸገራቸው በሰዓት ነው። እነሱ ጠዋት ስምንት ሰዓት የሚሉትን እኛ ሁለት ሰዓት እንላለን። 13ኛ ወር ያለው የዘመን አቆጣጠርም አለ። ብርዱ ሌላ ነው፤ ከባሕር ዳር ሙቀት ለመጣ ሰው የጎጃም ደጋ ይከብዳል። አባቴ ሚስስን ሲያስታውሱ እስከ ዛሬ ፊታቸው የሚመጣው ረጅም ሳሪና በላዩ ላይ የተደረበ የከተማው ሹራብ ነው።

በምግብ በኩል ግን ብዙም አልተቸገሩም። በኬረላ ከተቦካ የሩዝ ሊጥ የሚጋገር አፓም የሚባል ቂጣ አለ። ስለዚህ እንጀራ ሲቀርብላቸው ሊጥ ማቡካት አዲስ ነገር አልሆነባቸውም። በርበሬውንማ እኛን ያስንቁ ነበር አሉ! ያጡት ኮኮናትና የባሕር ዓሣ ነው። ስኳሩንም እንደማንኛውም ሰው ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈው ይገዙ ነበር።

ሃይማኖትም ያቀራረባቸው አሉ። ከኬረላ ክርስቲያኖች መካከል የኦርቶዶክስ ምእመናን ቤተ ክርስቲያናቸው ከኛው ጋር ኅብረት አላት። በጥር ወር 1957 ዓ.ም. የእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ጉባኤ አድርገዋል። የአባቴ መምህራንም ከዚያ ወገን ስለነበሩ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለሙ፣ ጾም ይጾሙ ነበር። የጎረቤት እናቶች «የኛው ናቸው» ብለው የተቀበሏቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ልጆቻቸው ሁለት ነበሩ። ከሰፈር ልጆች ጋር ብይ ሲጫወቱ የሚጣሉትም የሚታረቁትም በአማርኛ ነው። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው የጀመረው።

መመለስ ቀላል ይመስላል

አንድ ሰው «አገሬ ልገባ ነው» ሲል ሻንጣ ማሰር ብቻ ይመስለናል። የእነዚህን ሰዎች ዝግጅት ስንመለከት ግን ቢያንስ አራት ነገሮች ነበሩበት።

1ኛ/ የልጆች ቋንቋ። ልጆቹ ማላያላም ይሰማሉ እንጂ ማንበብ አይችሉም። አገራቸው ሲገቡ ከእኩዮቻቸው ጋር ክፍል መቀመጥ አለባቸው። ስለሆነም ውላቸው ሊያልቅ አንድ ዓመት ሲቀረው ሚስስ ማታ ማታ ፊደል ማስቆጠር ጀመሩ። ማላያላም እንደኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አጣምሮ ይጽፋል። ሚስስም ይህን ለተማሪዎች ሰሌዳ ላይ ጽፈው ያሳዩ ነበር ይባላል።

2ኛ/ የሥራ ቦታ። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስዶ የወጣ ሰው ቦታው ይቆየዋል፤ ለቅቆ የወጣ ግን እንደ አዲስ ይጀምራል። ሚስተር ፈቃድ ነበራቸው። ሚስስ ግን ለቅቀው ነው የመጡት። አብረዋቸው ማስተማር የጀመሩት ርእሰ መምህር ሲሆኑ እሳቸው ከታች ሊጀምሩ ነው ማለት ነው። ባልና ሚስት አብረው ሲሄዱ ዋጋውን እኩል እንደማይከፍሉ ያስተዋልኩት ከዚህ ነው።

3ኛ/ ዕቃ። ምን ይሸጣል? ምን ይሰጣል? ምን ይጫናል? መንገዱ በአውሮፕላን እስከ ቦምቤይ (ዛሬ ሙምባይ የምትባለው)፣ ከዚያ ደግሞ በባቡር ወደ ደቡብ ነው። አልጋና ጠረጴዛው ለአዲስ መምህር ተሸጠ፤ ሙቀጫው ለጎረቤት ቀረ። ሻንጣ ውስጥ የገባው ቡና፣ ነጠላና ልጆቹ አንለቅም ያሉት አንድ ጆንያ ቆሎ ነው።

4ኛ/ ከሁሉ የከበደው ግን የትምህርት ዘመኑ አለመግጠም ነው። ኬረላ ትምህርት የሚከፈተው በአውሮፓውያን ሰኔ መጀመሪያ፣ በኛ ግንቦት ማብቂያ ላይ ነው። ትልቁ የዝናብ ወቅት የሚገባውም በዚያው ሰሞን ነው። እኛ ዘንድ ዝናብ ሲገባ ትምህርት ይዘጋል፤ እነሱ ዘንድ ዝናብና ትምህርት አብረው ይገባሉ። እንግዲህ አስቡት፤ ልጆቹ ክፍል እንዲደርሱ ከተፈለገ በግንቦት መነሳት ያስፈልጋል። ተማሪዎቻቸው ግን የዓመቱን ፈተና የሚፈተኑት በሰኔ ነው።

የተማሪው ነገር

በዚያ ትምህርት ቤት ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የሒሳብ መምህር በጥር ወር ለማንም ሳይናገር ሄዶ ነበር። ተማሪው ሰኞ ጠዋት ጠብቆ ጠብቆ ወደ ሜዳ ወጣ። ምትክ እስኪመጣ ድረስ ስድስት ሳምንት በከንቱ አለፈ። «ያን ዓመት ከወደቁት መካከል ዛሬም ሒሳብ ሲባል የሚደነግጡ አሉ» ይላሉ አባቴ። ስለዚህ ሕንዶቹ ሊሄዱ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ተማሪው ክፉኛ ሰጋ።

ሁለቱም ቤታቸው ውስጥ ሳይከራከሩ አልቀሩም። ሚስስ ለልጆቻቸው፣ ሚስተር ለክፍላቸው ያደላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። በመጨረሻ ሚስስ ከልጆቹ ጋር በግንቦት እንዲቀድሙ፣ ሚስተር ፈተናውን ጨርሰው በሐምሌ እንዲከተሉ ተስማሙ። ሚስስም ዝም ብለው አልሄዱም። ከየካቲት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ትርፍ ክፍለ ጊዜ እያስተማሩ መጽሐፉን ጨረሱ። ለሚተካቸው ወጣት ኢትዮጵያዊ መምህር የላቦራቶሪውን ቁልፍ ብቻ ሳይሆን አንድ ደብተርም አስረከቡ። በደብተሩ ውስጥ የየክፍሉ ሁኔታ ተጽፏል፤ የትኛው ምዕራፍ እንዳልገባቸው፣ የትኛው ተማሪ ሩቅ ሰሌዳ እንደማያይ፣ የትኛዋ ልጅ ታውቃለች ግን እጇን እንደማታወጣ።

አባቴ «ሩቅ ሰሌዳ የማያየው እኔ ነበርኩ» አሉኝ። አዲሱ መምህር በመጀመሪያው ቀን ስማቸውን ጠርቶ ፊት አስቀመጣቸው። ከየት አወቀኝ ብለው ተገረሙ። የደብተሩን ነገር የሰሙት ከዓመታት በኋላ ከዚያው መምህር አፍ ነው።

በተከታዩ ዓመት ለርእሰ መምህሩ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ በሰልፍ ላይም ተነበበ። አገራቸው በሰላም ገብተዋል፤ ነገር ግን በአገራቸው እንግዳ ሆነዋል። ሚስስ ከታች ጀምረዋል። ትንሿ ልጅ ዝናብ ሲዘንብ ትምህርት ቤት አልሄድም፣ ክረምት ነው እያለች ታስቸግራለች። ተማሪው ሳቀ፤ ሴት መምህራኑ ግን አለቀሱ አሉ።

ሁሉም አልተመለሱም

ወደ አገሩ ያልተመለሰም አለ። በ1955 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለዱት ሐኪምና ደራሲ አብርሃም ቨርጊስ ወላጆቻቸው ከኬረላ የመጡ መምህራን ነበሩ። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ የሕክምና ትምህርታቸው ተቋረጠ። ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ እሳቸው በኋላ ትምህርታቸውን ሕንድ አገር ማድራስ ላይ ጨረሱ። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመው ልብ ወለዳቸው አብዛኛው ታሪኩ አዲስ አበባ ላይ ነው። የመምህራን ልጅ የወላጆቹን ምድብ ቦታ አገሬ ሊል እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ታዲያ እኛስ?

እኛ ባሕር ላንሻገር እንችላለን። ነገር ግን ቋንቋው ወደማይገባን ወረዳ የምንመደብ አለን፤ ተጋብተን የምንሄድም አለን። ከነዚህ ሰዎች የምወስደው ይህን ነው። ባልና ሚስት ከሆንን የማን ዕድገት እንደሚጎዳ ሳንሄድ በፊት በግልጽ እንነጋገር። መነሻችንን ከትምህርት ዘመኑ ጋር እናስማማ፤ ካልተስማማም ክፍተቱን ማን እንደሚሸፍን ቀደም ብለን እንወቅ። ከሁሉም በላይ ዝውውር ሲደርሰን ቁልፍ ብቻ አስረክበን አንሂድ። የምንተወው ዕቃ ብዙ ላይሆን ይችላል፤ የምንተወው ተማሪ ግን ሃምሳም ስልሳም ነው። አንድ ደብተር ዋጋው ስንት ነው?

በየቤታችሁ ሕንዳዊም ሆነ ሌላ የውጭ አገር መምህር ያስተማራቸው አባትና እናት ካሉ ጠይቁና የሰማችሁትን ጽፋችሁ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን። የተሳሳትኩት ካለም መምህሮቻችን ያርሙኝ።

ቸር ያሰንብተን።