የቤት ኮምፒውተርዎን አቅም ለሕክምና ምርምር መለገስ፦ ምን ማለት ነው? እንዴትስ ይሠራል?

ለሕክምና ስለ መለገስ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ደም ነው። ብዙም የማይታወቅ ሌላ ዓይነት ልገሳም አለ። ይኸውም ቤትዎ ያለው ኮምፒውተር ሥራ በማይበዛበት ሰዓት ትርፍ የማስላት አቅሙን ለተመራማሪዎች ማዋስ ነው። ኢሜይል ሲያነቡ ወይም ደብዳቤ ሲጽፉ ኮምፒውተርዎ የሚጠቀመው ከአቅሙ ጥቂቱን ብቻ ነው። የቀረው አቅም ለካንሰር፣ ለመርሳት በሽታ ወይም ለቫይረሶች ምርምር ሊውል ይችላል። በዚህ ጽሑፍ አሠራሩን፣ የተገኘውን ውጤት፣ ወጪውንና ሊያደርጉት የሚገባውን ጥንቃቄ እናብራራለን።

ይህን ያህል ስሌት ለምን አስፈለገ?

በሰውነታችን ውስጥ አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች የተሠራ ሰንሰለት ሲሆን፣ ሥራውን በትክክል የሚሠራው ተጣጥፎ ተገቢውን ቅርጽ ሲይዝ ነው። አጣጣፉ ሲበላሽ ችግር ይከተላል። እንደ አልዛይመርና ፓርኪንሰን ባሉ በሽታዎች በትክክል ያልተጣጠፉ ፕሮቲኖች በአንጎል ውስጥ ተከማችተው ይገኛሉ።

ብዙ መድኃኒቶች የሚሠሩት ቁልፍ በጓጉንቸር ውስጥ እንደሚገባ ሁሉ በፕሮቲኑ ላይ ባለ ጎድጓዳ ቦታ ገብተው በመያያዝ ነው። ነገር ግን ፕሮቲን እንደ ጓጉንቸር ባለበት ረግቶ አይቀመጥም፤ ዘወትር ይንቀሳቀሳል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በላቦራቶሪ መሣሪያ የሚነሳው ምስል ግን ብዙውን ጊዜ አንዱን ቅርጽ ብቻ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ተመራማሪዎች የእያንዳንዱን አቶም እንቅስቃሴ በኮምፒውተር አስመስለው ያሰላሉ።

ስሌቱ የሚሄደው በጣም ጥቃቅን በሆኑ እርምጃዎች ነው። አንዱ እርምጃ አንድ ሰከንድ ለአንድ ሚሊዮን ቢሊዮን ተካፍሎ ከሚገኘው ጊዜ ሁለት እጥፍ ያህል ብቻ ነው። በዚህ መጠን የሰከንድን አንድ ሚሊዮንኛ ለማየት ብቻ 500 ሚሊዮን እርምጃዎች ያስፈልጋሉ። ብዙ ፕሮቲኖች ደግሞ ለመጣጠፍ ከዚህም በላይ ጊዜ ይወስዳሉ። ይህን በአንድ ኮምፒውተር እንጨርስ ቢባል ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

ሥራው እንዴት ይከፋፈላል?

አሠራሩ ከደቦ ጋር ይመሳሰላል። አንድ ገበሬ ብቻውን ሳምንታት የሚፈጅበትን አጨዳ ጎረቤት ተሰብስቦ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። እዚህም ትልቁ ስሌት በትናንሽ ቁርጥራጮች ይከፈላል። እርስዎ አንድ ነፃ ፕሮግራም ይጭናሉ። ፕሮግራሙ አንድ ቁራጭ ሥራ በኢንተርኔት ይቀበላል፣ ያሰላል፣ ውጤቱን ይልካል፣ ከዚያም ሌላ ይቀበላል። ተመራማሪዎቹ ከብዙ ቤቶች የመጣውን ውጤት አጋጥመው ሙሉውን እንቅስቃሴ ይረዳሉ። ስህተት እንዳይገባም አንዳንድ ፕሮጀክቶች ያንኑ ሥራ ለሁለት ኮምፒውተሮች ሰጥተው ውጤቱን ያመሳክራሉ።

የታወቁ ፕሮጀክቶች የትኞቹ ናቸው?

• ፎልዲንግ አት ሆም፦ በ2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሲሆን የፕሮቲኖችን አጣጣፍና እንቅስቃሴ ያጠናል።
• ሮዜታ አት ሆም፦ በ2005 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በዴቪድ ቤከር ላቦራቶሪ ተጀመረ። ቤከር አዳዲስ ፕሮቲኖችን በመንደፍ ሥራቸው በ2024 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።
• ወርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድ፦ አይቢኤም በ2004 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ሲሆን፣ በኋላ በካናዳ ቶሮንቶ ለሚገኘው ክረምቢል የምርምር ተቋም ተላልፏል። ካንሰርን፣ ኤችአይቪንና የሳንባ ነቀርሳን የሚመለከቱ ጥናቶች ተካሂደውበታል።

እስካሁን ምን ተገኘ?

በ2020 እ.ኤ.አ. ኮቪድ-19 ሲስፋፋ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ኮምፒውተራቸውን ለፎልዲንግ አት ሆም አዋሱ። የተሰበሰበው አቅም በሰከንድ ከአንድ ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ ስሌት መሥራት የሚችል ነበር። በዚህ አቅም ተመራማሪዎች ቫይረሱ ከሰው ሕዋስ ጋር የሚያያዝበት ፕሮቲን እንዴት እንደሚከፈት አይተዋል። በቫይረሱ ፕሮቲኖች ላይም በተለመደው ምስል የማይታዩ፣ ለመድኃኒት ዒላማ ሊሆኑ የሚችሉ ከ50 በላይ ስውር ጎድጓዳ ቦታዎችን አግኝተዋል። ጥናቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በኢቦላ ቫይረስ አንድ ፕሮቲን ላይም ተመሳሳይ ስውር ቦታ ተገኝቷል።

በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ በወርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድ የተጠቀሙ የጃፓን ተመራማሪዎች ኒውሮብላስቶማ ለተባለው የሕፃናት ካንሰር ተስፋ የሚሰጡ ሰባት ውሁዶችን ለይተዋል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ተስፋ የሚሰጥ ውሁድ ማግኘትና መድኃኒት ማግኘት አንድ አይደሉም። በመካከላቸው የላቦራቶሪ፣ የእንስሳትና የሰው ላይ ሙከራ አለ፤ ይህም ብዙ ዓመታት ይወስዳል፤ አብዛኞቹ ውሁዶችም በመንገድ ላይ ይቀራሉ። የእርስዎ ኮምፒውተር የሚያግዘው የመጀመሪያውን ምዕራፍ ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከመጣ ወዲህ አሁንም ያስፈልጋል?

እንደ አልፋፎልድ ያሉ ፕሮግራሞች የፕሮቲንን ቅርጽ በአጭር ጊዜ መተንበይ ችለዋል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ፕሮቲኑ እንዴት እንደሚንቀሳቀስና ስውር ቦታዎቹ መቼ እንደሚከፈቱ ለማወቅ የእንቅስቃሴ ስሌት አሁንም ጥቅም ላይ ይውላል።

ምን ያህል ያስወጣል?

ፕሮግራሙ ነፃ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ግን ነፃ አይደለም። ኮምፒውተርዎ በስሌቱ ምክንያት 100 ዋት ተጨማሪ ቢወስድና በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ፣ በ30 ቀን 24 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ይህን ቁጥር በአካባቢዎ ታሪፍ ያባዙት። ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ከዚህ በላይ፣ ላፕቶፕ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ያነሰ ይወስዳል። የሞባይል ዳታ ጥቅል የሚጠቀሙ ከሆነ የዳታ ፍጆታዎንም ይከታተሉ።

ኮምፒውተሬን ይጎዳል?

ስሌት ሙቀት ይፈጥራል፤ ማራገቢያውም በኃይል ይሠራል። አቧራ የያዘ ወይም አየር የማያገኝ ኮምፒውተር ከመጠን በላይ ሊግል ይችላል። ላፕቶፕዎን አልጋ ወይም ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጠው አያሠሩት። የሚጠቀመውን የአቅም መጠን መቀነስና በባትሪ ሲሆን እንዲቆም ማድረግ ይቻላል። መብራት ቢጠፋ ፕሮግራሙ በየጊዜው ካስቀመጠው ነጥብ ይቀጥላል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ሥራ የመመለሻ ቀነ ገደብ ስላለው፣ ኮምፒውተርዎ ለቀናት ከጠፋ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

የግል መረጃዬስ?

እነዚህ ፕሮግራሞች ለሥራቸው ፎቶዎን፣ ሰነድዎን ወይም የጤና መረጃዎን አይፈልጉም። የሚልኩት የስሌቱን ውጤትና ስለ ኮምፒውተሩ ዓይነት ያለውን መረጃ ነው። የመረጡት የተጠቃሚ ስም ግን በይፋዊ የውጤት ሰንጠረዥ ላይ ሊታይ ስለሚችል ሙሉ ስምዎን አይጠቀሙ።

ከመጀመርዎ በፊት

1. ፕሮግራሙን ከፕሮጀክቱ ዋና ድረ ገጽ ብቻ ያውርዱ። በኢሜይል ወይም በቴሌግራም የተላከልዎትን ፋይል አይጫኑ፤ በምርምር ስም ለሌላ ሰው ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርት ጎጂ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል።
2. ፕሮጀክቱን የሚመራው የትኛው ዩኒቨርሲቲ ወይም ተቋም እንደሆነ ያረጋግጡ።
3. የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ከሆነ አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ።
4. በዝቅተኛ አቅም ይጀምሩ። ለጥቂት ቀናት ሙቀቱንና የመብራት ቆጣሪዎን አይተው መጨመር ይችላሉ።
5. ለመሳተፍ ክፍያ ወይም የባንክ መረጃ ከተጠየቁ ያቁሙ።

ማሳሰቢያ

እርስዎ ወይም ቤተሰብዎ ውስጥ ያለ ሰው ከእነዚህ በሽታዎች በአንዱ የሚታመም ከሆነ፣ ልገሳው ለራስዎ ሕክምና የተለየ ጥቅም እንደማያስገኝ ይወቁ። በምርምር የተገኘ ዜና ሰምተውም የታዘዘልዎትን መድኃኒት አያቋርጡ፤ ጥያቄ ካለዎት ሐኪምዎን ያማክሩ። የኤሌክትሪክ ወጪው የሚከብድዎት ከሆነ አለመሳተፍ ምንም ነውር የለበትም። ደም መለገስ የሚችሉ ከሆነም፣ ደምዎ ዛሬ ሆስፒታል ተኝቶ ለሚጠብቅ ሰው በቅርቡ ይደርሳል። የኮምፒውተርዎ ልገሳ ግን ፍሬው የሚታየው ከዓመታት በኋላ፣ ምናልባትም ለማያውቁት ሰው ነው።