ኦክስጅን ሴንሰር፦ ከዋጋው ይልቅ አተካከሉ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በእጅ ያሉት መኪኖች ለብዙ ዓመታት እየተጠገኑ እንደሚነዱ ግልጽ ሆኗል። የነዳጅ ዋጋም የሚቀመስ አልሆነም። በዚህ የተነሳ የአየርና የነዳጅ ድብልቅን እየለኩ ሞተር ማስተካከል የእሽቅድምድም ወዳጆች ጉዳይ ብቻ መሆኑ ሊቀር ይገባል። ልኬቱ የሚገኘው ጭስ ማውጫው ላይ ከሚተከለው ኦክስጅን ሴንሰር ነው። ቦሽ ኩባንያ የሠራው ይህ ዕቃ በ1976 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ገበያ በተዘጋጀ ቮልቮ ላይ ተገጥሞ ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ ኢንጀክተር ያለው የቤንዚን መኪና ሁሉ ማለት ይቻላል ይዞታል። ስለ እሱ ሲወራ የሚቀድመው ልኬቱ የሚነበብበት ማሳያ ዓይነትና ዋጋው ነው። የሚነበበው ቁጥር እውነት መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ግን አተካከሉ ነው።

መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ሴንሰር እያለ ሌላ ለምን ይገዛል የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ተገቢም ነው። የተለመደው ሴንሰር በዚርኮኒያ ሴራሚክ አማካይነት በጭሱና በውጭው አየር መካከል ያለውን የኦክስጅን ልዩነት ወደ ቮልቴጅ ይለውጣል። ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ሲደርስ 0.45 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ነዳጅ ሲበዛ ወደ 0.9፣ አየር ሲበዛ ወደ 0.1 ይዘላል። ምን ያህል እንደበዛ ግን አይናገርም። በመደበኛ ጉዞ ድብልቁን በዚያች ነጥብ ዙሪያ ለሚጠብቀው ኮምፒውተር ይህ በቂ ነው። ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ሲጠየቅ ግን ድብልቁ ሆን ተብሎ ወደ 12.5 ወይም 13 ይወርዳል፤ እዚያ 12ን ከ13 የሚለየው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው፣ የድብልቁን መጠን በቁጥር የሚያሳየው ዋይድባንድ ሴንሰር ብቻ ነው። 

ዋይድባንዱም ቢሆን የሚለካው ኦክስጅንን እንጂ ነዳጅን አይደለም። ስህተቱ ሁሉ የሚመነጨው ይህን ከመርሳት ነው። ከሴንሰሩ በፊት ያለ ጋስኬት ትንሽ ካስተነፈሰ፣ በጭሱ ምት መካከል የውጭ አየር ወደ ቱቦው ይሳባል፤ ማሳያው "ነዳጅ አንሷል" ይላል። አንድ ካንዴላ ሳያቀጣጥል ሲቀርም ያልተቃጠለው ኦክስጅን ያንኑ ያስብላል። ቁጥሩን ያመነ ሰው ነዳጅ ይጨምራል፤ መኪናው ይባስ ይጠጣል፣ ጭስ አጣሪው ካታሊቲክም በሙቀት ይጎዳል። ስለዚህ ሴንሰሩ የሚታሰርበት ዳዶ ከመበየዱ በፊት ቱቦው ይፈተሽ። ቦታው የሲሊንደሮቹ ጭስ ከተገናኘበት በኋላ፣ ከካታሊቲኩ በፊት ይሁን፤ ተርቦ ካለ ከተርቦው በኋላ፣ ምክንያቱም ከተርቦው በፊት ያለው የጭስ ግፊት ንባቡን ያዛባል። ማርሚታው ጫፍ አጠገብም አይተከል፤ አየር ወደ ኋላ ይገባል። ሴንሰሩ ጫፉን ወደ ታች አድርጎ ከአግድም መስመር ቢያንስ 10 ዲግሪ ከፍ ማለት አለበት፤ ቀዝቃዛ ቱቦ ውስጥ የሚጠራቀም ውሃ የጋለውን ሴራሚክ ይሰነጥቀዋል። ንባቡን በንጹሕ አየር ማስተካከል (ካሊብሬት ማድረግ) የሚያስፈልገው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ማስተካከሉ ጭስ በታፈነበት ጋራዥ ውስጥ አይደረግ።

የለመደ መካኒክ ድብልቁን በጆሮውና በካንዴላ ቀለም ይረዳዋል የሚሉ አሉ። ካንዴላ ያለፈውን ሁሉ ደምሮ ያሳያል እንጂ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ የሆነውን ለብቻው አይነግርም። ቦታና ነዳጅ ሲለወጡም ልምድ ያሳስታል፦ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሩብ ያህል ያንሳል፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ነዳጅ ያበዛል። ቤንዚኑ 10 በመቶ ኢታኖል ከያዘም ልኩ 14.7 መሆኑ ቀርቶ 14.1 አካባቢ ይሆናል። ዋይድባንድ ቶሎ ይበላሻል የሚለው ቅሬታም በአብዛኛው መልሱ አተካከሉ ላይ ነው፤ ሲሊኮን ማጣበቂያ ይመርዘዋል፣ በውስጡ ያለው ማሞቂያ ሳይሠራ ጭስ ውስጥ መቆየትም በጥላሸት ይደፍነዋል። መካኒኩ መቼ ቁጥሩን ማመን፣ መቼ መጠርጠር እንዳለበት ማወቁ ውድ ማሳያ ከመግዛት ይበልጣል። በሥልጠናም ሆነ በጋራዥ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ዕውቀት ነው።