የአምባራስ ሰዎች ደም

ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣ ቆላ የለመደ እንግዳ ገና መንገዱን ሳያጋምስ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ራሱን ይፈልጠዋል። እዚያው ተራሮቹ መሃል፣ 3530 ሜትር ላይ፣ የአምባራስ ገበሬ ገብሱን አጭዶ ነዶውን ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል። ይህን እንዴት ቻለው?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሃሪሰን የተባለ እንግሊዛዊ ከባልደረቦቹ ጋር 1500 ሜትር ላይ ያለችውን አዲአርቃይንና 3000 ሜትር ግድም ያለችውን ደባርቅን አነጻጽሮ፣ በ1969 ባሳተመው ጥናት ደገኞቹ ሰፋ ያለ ደረት እንዳላቸው ጻፈ።

ኑሮ በሰው አካል ላይ የሚተወውን አሻራ ተመራማሪዎች በየቦታው ይፈልጉታል። ለከፍታ ግን ዋናው ምስክር ደም ነው። የአምባራስ ሰዎች ደም እስኪመረመር ድረስ ሁለት መልሶች ይታወቁ ነበር። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከመው የደማቸው ክፍል፣ ይጨምራል፣ ደማቸው ይወፍራል። የቲቤት ሰዎች ሄሞግሎቢን ብዙም አይጨምርም፤ ደማቸው የሚይዘው ኦክስጅን ግን አነስተኛ ነው።

አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል፣ ኢትዮጵያዊው ሐኪም አምሃ ገብረመድህንና ባልደረቦቻቸው አምባራስ ላይ 236 ሰዎችን መረመሩ። ጣት ላይ የምትቆነጥጥ ትንሽ መሣሪያ በጥፍሩ በኩል ብርሃን አሳልፋ ደሙ ምን ያህል ኦክስጅን እንደያዘ ትናገራለች። ውጤቱ በአማካይ 95.3 በመቶ ሆነ። ሄሞግሎቢኑም ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15 ግራም በዴሲሊትር ነበር። ሁለቱም ቁጥሮች ባሕር ጠረፍ ከሚኖር ጤነኛ ሰው የሚጠበቁ ናቸው! አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በሲሶ ቀንሶ ሳለ ደማቸው የጎደለበት ነገር አልታየም። በታኅሣሥ 1995 ዓ.ም. ግድም የታተመው ይህ ጥናት ለዓለም ሦስተኛ መልስ ሰጠ።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናት ደግሞ የቲቤቶችን ሄሞግሎቢን ዝቅ የሚያደርጉት የዘረመል ልዩነቶች በአማራ ደገኞች ላይ ያን ሥራ እንደማይሠሩ አሳየ። የስሜን ሰው በራሱ መንገድ ነው የተላመደው።

ነገሩ ጤና ጣቢያም ይገባል። በዓለም አቀፉ ስሌት፣ በዚህ ከፍታ ለሚኖር ሰው የደም ማነስ መለያው ከ2 ግራም በላይ ከፍ ይላል፤ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት 12 የነበረው ከ14 ያልፋል። ይህ ወሰን ከአምባራስ ሴቶች አማካይ ብዙም አይርቅም። እንዲህ ከሆነ ጤነኛዋ እናት ታማሚ ልትባል ትችላለች። የጎንደርና የደባርቅ ሐኪሞች፣ ለደገኛው የሚሆነውን መለኪያ ከራሱ ከደገኛው ደም ተነስታችሁ አውጡለት።