የማን ተማሪ ነህ?

"ቲቸር፣ ደም እኮ ሰማያዊ ነው።"

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ከኋላ ሁለተኛው ዴስክ ላይ የሚቀመጥ፣ ሳይጠየቅ የማይናገር ልጅ። የዚያን ዕለት ግን እጁን እንኳ አላወጣም። የደም ዝውውርን እያስተማርኩ፣ ደም ቅዳውን በቀይ፣ ደም መልሱን በሰማያዊ ጠመኔ ስዬ ዞር ስል ነው ያመለጠው።

"ሰማያዊው እንዳይምታታባችሁ ብዬ ነው እንጂ ደሙስ ቀይ ነው" አልኩት።

እጅጌውን ሰበሰበና የእጁን አንጓ ገልብጦ አሳየኝ። "ይኸው ቲቸር፣ ሥሩ ይታያል።"

"ለፋሲካ በግ ሲታረድ ሰማያዊ ደም ሲፈስ አይተህ ታውቃለህ?"

"አየር ሲነካው ነው ቀይ የሚሆነው። ቪዲዮው ላይ አስረድቷል።"

ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ቪዲዮውን የሠራው ሰው የበጉን ነገር ቀድሞ አስቦበታል፤ ልጁን የላከብኝ መልሱን አስታጥቆ ነው። ጥቂት አሰብኩና "ባለፈው ለታይፎይድ ስትመረመር ከክንድህ ደም ቀድተውህ አልነበር?" አልኩት። ነበር። "መርፌው ውስጥ ሲገባ ምን ይመስል ነበር?" "ጠቆር ያለ ቀይ።" "መርፌው ውስጥ አየር ነበር?" ዝም አለ። ኦክስጅኑ ሲቀንስ ደም ይጠቁራል እንጂ ሰማያዊ አይሆንም፤ ሥሩ እንዲያ መስሎ የሚታየን ብርሃን ቆዳችን ውስጥ ገብቶ ሲመለስ ቀዩ ይበልጥ ስለሚዋጥ ነው ብዬ አስረዳሁ። ልጁ ተቀመጠ። ደወል ተደውሎ ስወጣ ግን በር ላይ ጠበቀኝ። "ቲቸር፣ ግን እኮ ከሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል።"

ደብረ ኤልያስ ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር ከ10 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በወላጅ ስብሰባ ላይ ስለ ዩኒፎርምና ስለ መዋጮ ከሚነሣው ይልቅ ስለ ስልክ የሚነሣው ይበዛል። አንድ አባት "መምህር፣ ጤፍ ሸጬ ስልክ ገዛሁለት፤ ሌሊቱን አቀርቅሮ ያድራል። ምን ትሠራለህ ስለው እያጠናሁ ነው ይለኛል። ልመነው ወይስ ልንጠቀው?" አሉኝ። እኔም እንደ ልማዴ "በልኩ ይሁን" ብዬ አለፍኩ። ልኩ ምን እንደሆነ ግን እኔም አላውቀውም ነበር። በኋላ ላይ መልስ የሚመስል ነገር ያገኘሁት ከጎረቤት ነው።

ደብረ ኤልያስ ከዘመናዊው ትምህርት ቤት በፊት የምትታወቀው በቅኔ ጉባኤዋ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ደብረ ወርቅንና ዲማን ጨምሮ ከተማሩባቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች አንዷ እሷ ናት። ዛሬም የአብነት ተማሪና የሃይስኩል ተማሪ በአንድ መንገድ ይተላለፋል። አንድ ማታ ከግቢያችን አጥር ሥር አንዱ ተማሪዬ ስልኩን ከፍቶ፣ ንግግሩ የሚጣፍጥ ሰውዬ ስለ አእምሮ አሠራር ሲያወራ ያዳምጣል። የቅኔ ተማሪ የሆነ ጎረቤታችን ጎንበስ ብሎ ጥቂት ሰማና ጠየቀ።

"ይኼ ሰውዬ የማን ተማሪ ነው?"

የኔው ልጅ ሳቀ። "ቲክቶከር ነው እንጂ ተማሪ አይደለም።"

"እሱስ ይሁን፤ የማን ተማሪ ነው?"

ለቅኔ ተማሪው ይህ ቀልድ አልነበረም። ከአገር አገር እየዞረ ሲማር በደረሰበት ጉባኤ ሁሉ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው፦ ከማን ተማርክ፣ እሳቸውስ ከማን ተማሩ? በዚያ ቤት ዕውቀት እንደ ሰው ትውልድ ይቆጠርለታል። አባቱ የማይታወቅ ቃል ቢያምርም ተጠርጥሮ ነው የሚገባው።

የእኔ ተማሪዎች ስልክ ላይ ያለው ነገር ግን አባቱ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። በእኛ አካባቢ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ቪዲዮ ግን አልተቋረጠም። አዲስ አበባ ደርሶ የመጣ ሰው በሚሞሪ ጭኖ ይመጣል፤ ከሚሞሪው ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። በዚህ መንገድ የመጣ ቪዲዮ የቻናሉ ስም የለውም፣ የተጫነበት ቀን የለውም፣ ሥሩ ላይ "ኧረ ይኼ ውሸት ነው" የሚል ኮመንት እንኳ የለውም። ወሬው መንገድ አገኘ፤ ማጣሪያው ግን ከኢንተርኔቱ ጋር ቀረ። የደሙን ቪዲዮ ያየው ልጅም የቀረለት ነገር ቢኖር "ሚሊዮን ሰው አይቶታል" የሚለው ብቻ ነው፤ እሱንም የሰማው ካቀበለው ጓደኛው ነው።

ይህን ስል ኢንተርኔት ያለው ልጅ የተሻለ ያጣራል ለማለት አይደለም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 3,446 የአሜሪካ ሃይስኩል ተማሪዎችን ፈትነዋል። የአሜሪካ ምርጫ ተጭበረበረ ብሎ የሚያሳይ ደብዛዛ ቪዲዮ ሰጧቸው፤ ቪዲዮው የተቀረጸው ሩሲያ ነው። ኢንተርኔቱ ክፍት ነው፣ ፈልገው ማግኘት ይችላሉ። ከግማሽ የሚበልጡት ጠንካራ ማስረጃ ነው አሉ። ምንጩን ፈልገው ያገኙት 3 ተማሪዎች ብቻ ናቸው፤ ከመቶ 3 ሳይሆን ከሁሉም 3። ከኔዎቹ የጎደለው ኔትወርክ ነበር፤ ከእነዚያ የጎደለው "የማን ተማሪ ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት ነው።

ጥያቄው ያለመጠየቁ ዋጋ በፈተና ሰሞን ይታያል። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው በሙሉ ተሰርዞ በሌላ ጊዜ ተሰጥቷል። ያ አንድ ጊዜ እውነት ስለነበረ፣ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ "ፈተናው እጃችን ገብቷል" የሚል ሁሉ ገበያ ያገኛል። ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ እንዲሰጥ ተደረገ። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር የልጆቻችን ልብ ራደ። የራደ ልብ ሻጭ አያጣም። አንዲት ተማሪዬ እናቷ ከእንቁላል ያጠራቀሙትን 500 ብር ላንድ ቻናል አድሚን ልካ "ፈተና" ገዛች። አምጥታ ስታሳየኝ የሌላ ዓመት ጥያቄ ነው፤ ተራ ቁጥሩ ብቻ ተቀያይሯል። እንዳታፍር ብዬ "እንግዲያውስ ቁጭ በይና ሥሪው፤ ያለፈ ዓመት ፈተናም ለጥናት ይሆናል" አልኳት። ከ20 ባዮሎጂ 7 አገኘች። ያን ቀን የተማረችው ከገዛችው ሳይሆን ከሳተቻቸው 13 ነው።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩትን ያነበበ ሰው "እንግዲያው ምንጩ የታወቀውን ብቻ ይዩ" ሊለኝ ይችላል። እኔም አንድ ሰሞን እንዲሁ አስብ ነበር። ያናወጠኝ የራሴ የተማሪነት ዘመን ነው።

እኔ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. በሃይስኩሎች የገባው የቴሌቪዥን ትምህርት ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ደረሰብኝ። ምንጩ አይጠረጠርም፤ ትምህርት ሚኒስቴር ያስዘጋጀው፣ በሥርዓተ ትምህርቱ ልክ የተሰፋ ነው። የፕላዝማዋ መምህርት በማይያዝ ፍጥነት በእንግሊዝኛ ታስተምርና ጥያቄ ትጠይቃለች። ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች። እኛ ጥያቄውን ገልብጠን አልጨረስንም። እሷ ግን ፈገግ ብላ "ቬሪ ጉድ!" ትለናለች። ማን ምን ብሎ እንደመለሰላት እስከ ዛሬ አይገባኝም። ለአንድ ትምህርት ከዚያ በላይ የታመነ ምንጭ አይገኝም ነበር፤ ከደብተሬ ላይ ከቀረው ግማሽ ዓረፍተ ነገር በቀር ግን ያተረፍኩት የለም።

የአጥር ሥሩ ጥያቄ "ማን ሰምቶ አረመህ?" የሚል ሁለተኛ ጥያቄ እንደሚያስከትል የገባኝ ይህን ሳስታውስ ነው። ቅኔ ቤት የሚደረገውን ልብ ይሏል። መምህሩ አዲስ ቅኔ ሲዘርፉ ተማሪው ይሰማል፤ ይሄ አንዱ ነው። ይህ ብቻውን ግን ቅኔ አያስተምርም። ተማሪው ደግሞ ለብቻው ዛፍ ሥር ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል፤ ሁለት ቤት የሆነችውን ጉባኤ ቃና ይዞ ይጀምራል። ከዚያ ሄዶ ይነግራል። የኔታ ወይም አስነጋሪው ይሰሙታል፤ ቤቱ ካልመታ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ እዚያው ፊት ለፊት ይታረማል። ቅኔ ቤትን ቅኔ ቤት ያደረገው ይሄ ነገራ ነው። ፕላዝማም፣ ቲክቶክም፣ ዩቲዩብም ሲዘርፉ ያድራሉ፤ ነገራ የሚሰማ ግን የላቸውም።

ይህ የቅኔ ቤት ልማድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ተማሪዎችን ጽሑፍ አስጠኑ። አንዱ ቡድን ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ ወረቀቱን ዘግቶ የሚያስታውሰውን ደጋግሞ ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን እነሱ ካነበቡት 40 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ከልባቸው አውጥተው የጻፉት 61 በመቶውን አስታወሱ። ሌሊት ሙሉ ቪዲዮ አይቶ ጠዋት "ገብቶኛል" የሚለኝ ልጅ አልዋሸኝም፤ የ5 ደቂቃውን መግባት ነው የሚነግረኝ።

ስልኩን ግን አልሰድበውም፤ ባለውለታዬ ነው። የሴል ክፍፍልን በጠመኔ ሳስተምር ክሮሞሶሞቹ ቆመው ይቀራሉ። ለ60 ተማሪ አንድ ማይክሮስኮፕ ይዤ ምን ላሳይ? አንዲት ልጅ ሚዮሲስን በሚንቀሳቀስ ሥዕል ያየችበትን ቪዲዮ አምጥታ አብረን አየን፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቁራጭ ሲለዋወጡ፣ መሐል ላይ ሲሰለፉ፣ ሲለያዩ። እኔ በሦስት ክፍለ ጊዜ ያልቻልኩትን በአራት ደቂቃ ሠራው።

ያረመኝም ጊዜ አለ። ስለ ስሜት ሕዋሳት ሳስተምር የምላስ ካርታ እስል ነበር፤ ጣፋጭ ከጫፍ፣ መራራ ከኋላ። አንድ ልጅ "ቲቸር፣ ይኼ ተሽሯል የሚል ቪዲዮ አይቻለሁ" አለኝ። ተቆጣሁ። ከመምህሬ የተማርኩት፣ መምህሬም ከመምህሩ የተማረው ነው። ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝና በነጋታው የጌሾ ቅጠል በውኃ ዘፍዝፌ፣ ጥጥ ይዤ ክፍል ገባሁ። ልጆቹ ምላሳቸውን አወጡ፤ ጥጡን ጫፉ ላይ ብቻ አስነካሁ። ፊታቸው ሁሉ ባንዴ ተጨማደደ። መራራው ከጫፍም ይታወቃል። በኋላ ሳነብ፣ ካርታው አንድ ጀርመናዊ በ1901 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት ያለ አግባብ ተተርጉሞ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲወርድ የኖረ ሆኖ አገኘሁት። እኔ "የማን ተማሪ ነህ?" ብባል የምጠራው ስም ነበረኝ። ስሕተትም ግን ትውልድ ይቆጥራል። ያዳነን ልጁ ያየውን ወደ ክፍል ይዞ መጥቶ መናገሩ፣ ጌሾውም መፍረዱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ የመጨረሻዋን 10 ደቂቃ ለነገራ ሰጥቻለሁ። ስልክ ላይ አንድ ነገር ተማርኩ የሚል ይነሣል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይቆያል፤ ያየውን በራሱ ቃል ይናገራል። ጓደኞቹ ሁለት ነገር ይጠይቁታል፦ ማን ነው ያለው? እዚህ ባለን ነገር እንዴት እናየዋለን? ግማሹ ሲናገር መሐል ላይ ይጠፋበታል፤ "ቪዲዮው ላይ ግን ግልጽ ነበር" ይላል። ያኔ ክፍሉ ይስቃል፤ ሁሉም ደርሶበታል።

ለአባትየውም በሚቀጥለው ስብሰባ ሌላ መልስ ሰጠኋቸው። "አይንጠቁት። ማታ ያየውን ጠዋት ከብት ሲያሰማሩ ይንገርዎ። ባይገባዎትም ይጠይቁት።"

"እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ፣ ምን ብዬ ልጠይቀው?"

"ማን ነው ያለህ ይበሉት፤ ከዚያ ዝም ብለው ይስሙት።"

ባለፈው ዓርብ የተነሣው ያ ከኋላ ሁለተኛ ዴስክ ላይ የሚቀመጠው ልጅ ነው። ስለ ደም ተናገረ። አንዷ "ማን ነው ያለህ?" አለችው። የእኔን ስም ይጠራል ብዬ ጠበቅኩ። "ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ሄጄ አስፈቅጄ አየሁ" አለ። "ከክንድ ሲቀዳ ቆሜ ነበር። ጥቁር ቀይ ነው።"

እኔም ከዚያ ወዲህ ደም መልስን በሰማያዊ ጠመኔ በሳልኩ ቁጥር ከጎኑ "ለመለየት ብቻ" ብዬ እጽፋለሁ።