የጣሪያ ቆርቆሮና ዝገት

ከጦሳ ተራራ ተዳፋት ላይ ቆማችሁ ደሴን ቁልቁል ብትመለከቱ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይናችሁ የሚያርፈው በቤቶቹ ጣሪያ ላይ ነው። ገሚሱ እንደ ብር ያብረቀርቃል፤ ገሚሱ አመድማ ሆኗል፤ ገሚሱም የሸክላ መልክ ይዟል። አብዛኞቹ ግን አዲስ በነበሩ ጊዜ መልካቸው አንድ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ዕድሜና አያያዝ ነው። በዚህ ምንባብ የምንመለከተውም ቆርቆሮ ከብርማው መልክ ወደ ሸክላው መልክ እንዴት እንደሚሸጋገርና ይህን ሽግግር ማዘግየት የሚቻለው በምን መንገድ እንደ ሆነ ነው። ለብዙ ቤተሰብ ጣሪያ ማለት የዓመታት ቁጠባ ስለ ሆነ ጉዳዩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። በአማርኛ «ቆርቆሮ» ስንል ቤት የምንከድንበትን ዝርግ ብረትም፣ ምግብ የሚታሸግበትን ጣሳም ማለታችን ሊሆን ይችላል። በንግግር ጊዜ ዐውዱ ይለየዋል፤ ስትጽፉ ግን «የጣሪያ ቆርቆሮ» ብትሉ አንባቢ አይደናገርም። የጣሪያ ቆርቆሮ በመሠረቱ ስስ ብረት ነው። ሞገድ መሰል እጥፋት የተሰጠው ለጌጥ ሳይሆን ለጥንካሬ ነው። አንድ ወረቀት ወስዳችሁ እንደ ማራገቢያ እየደራረባችሁ እጠፉትና በሁለት መጻሕፍት መካከል እንደ ድልድይ አጋድሙት፤ ሳይታጠፍ ሊሸከመው የማይችለውን እርሳስ ሲሸከም ታያላችሁ። ይህን ዘዴ ለብረት ያዋለው ሄንሪ ፓልመር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1829 ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1837፣ ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ብረትን በቀለጠ ዚንክ ውስጥ እየነከሩ የመሸፈንን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ዚንኩ የሚቀልጥበት ገንዳ ሙቀት ወደ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ቆርቆሮ የምትገዙ ከሆነ «ጌጅ» የሚባለውን ቍጥርም ልብ በሉ፤ ቍጥሩ በጨመረ መጠን ብረቱ ይሳሳል። ባለ 35 ጌጁ ከባለ 28ቱ የሚረክሰው ያለ ምክንያት አይደለም።

ዚንኩ ብረቱን የሚጠብቀው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ እንደ ልብስ ሸፍኖ አየርና ውኃ እንዳይደርሱበት ያደርጋል። ሁለተኛው ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። ዚንክ ከብረት ይልቅ ከአየርና ከእርጥበት ጋር ለመዋሐድ የሚቸኩል ማዕድን ስለ ሆነ፣ ቆርቆሮው ቢጫር እንኳ በጭረቱ ዙሪያ ያለው ዚንክ ቀድሞ ይበላል፤ ብረቱም ይተርፋል። እንግዲህ አመድማው መልክ ሕመም አይደለም፤ ዚንኩ ሥራውን በመሥራት ላይ መሆኑን ያመለክታል። የሸክላው መልክ ግን በዚያ ስፍራ ዚንኩ ማለቁን ያስረዳል። ከዚያ ወዲያ የሚከተለው ፈጣን ነው፤ ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ያብጣል፣ ይላላጣል፣ በላላጠም ቍጥር አዲስ ብረት ለእርጥበት ያጋልጣል። በቋንቋችን «ብረቱ ዛገ» ስንል ብረቱ ራሱ ያደረገው እናስመስላለን። አድራጊዎቹ ግን ውኃና ኦክስጅን ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ከጐደለ ብረት አይዝግም።

ውኃ ሲባል ደግሞ ዝናብ ብቻ አይደለም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ኮምቦልቻ ከፍታዋ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ይላል። በደሴ ጥርት ባለ ሌሊት ጣሪያው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ በበጋ ወራት እንኳ ንጋት ላይ ጤዛ ለብሶ ይገኛል። ጉምም አለ። በኮምቦልቻ ቆርቆሮው ቶሎ ይደርቃል፤ ይሁንና ሙቀት ዝገትን ስለሚያፋጥን እርጥበት ተደብቆ በሚቆይበት ስፍራ ጉዳቱ ይበረታል። የቀትሩ ግለትና የሌሊቱ ቅዝቃዜ ቆርቆሮውን እያስፋፋና እያኰማተረ ሚስማሩን ያላላል። ሁለቱንም ከተሞች በልግና ክረምት በየዓመቱ ይፈራረቁባቸዋል።

ዝገት የሚጀምረው ከጣሪያው መካከል አይደለም፤ ውኃ ከሚያድርበት ጥግ ነው። ሁለት ቆርቆሮ የተደራረበበት ከንፈር፣ ጎማው የተሰነጠቀ ሚስማር ሥር፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል የሞላው አሸንዳ፣ ነፋስ እንዳይገነጥለው ተብሎ የተጫነ ድንጋይ የተቀመጠበት ቦታ፣ ሁሉም የዝገት መነሻ ናቸው። ድንጋዩን ያስቀመጠ ሰው ጣሪያውን የጠበቀ ይመስለዋል፤ ድንጋዩ ግን ከሥሩ እርጥበት ይዞ ይከርማል። ከግንብ ጋር በተያያዘበት ቦታም እርጥብ ሲሚንቶ ዚንክን ይበላል።

አሁን ወደ ቀለም እንምጣ። አስተምርበት በነበረ አንድ ትምህርት ቤት፣ የወላጆች ቀን ደርሶ ስለ ነበር አዲስ የተከደነውን የመማሪያ ክፍል በአረንጓዴ ዘይት ቀለም በችኰላ አስቀባን። ሥራው የተጀመረው ጤዛው ሳይደርቅ በማለዳ ነበር። በዓሉ አማረ። በዚያው ክረምት ግን ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሣ በግቢው ተበተነ። ምክንያቱን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ዘይት ቀለም ያለ መሠረት ቀለም በአዲስ ዚንክ ላይ ሲቀባ፣ ዘይቱ ከዚንኩ ጋር ተዋሕዶ ሳሙና መሰል ነገር ይፈጥራል፤ በሳሙና ላይ ደግሞ ምንም ነገር አይጣበቅም። ከሥሩ የቀረው ጤዛም የበኩሉን ጨመረበት። ወጪው የወላጆች መዋጮ ስለ ነበር እስከ ዛሬ ይቈጨኛል።

ስለዚህ አዲስ ቆርቆሮ ለዚንክ የተዘጋጀ መሠረት ቀለም ካልተገኘለት፣ ሳይቀባ ቢያንስ አንድ ክረምት ቢያልፍበት ይሻላል። ያረጀው ግን የሸክላ መልክ ማሳየት ሲጀምር ሊዘገይበት አይገባም። መጀመሪያ የላላጠው ሁሉ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ይነሣል፤ ቀጥሎ የቀረው በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ጥላሸትና አቧራ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ ይለቀለቃል፤ ጣሪያውም ፈጽሞ መድረቅ አለበት። የተፋቀው ብረት ራቁቱን አንድ ሌሊት ካደረ ጤዛው እንደ ገና ስለሚያዝገው፣ በዚያው ዕለት አንቲረስት የሚባለው ዝገት ተከላካይ ቀለም ይቀባል። የላይኛው ቀለም የሚከተለው ይህ ከደረቀ በኋላ ነው፤ እሱም አንድ ጊዜ በወፍራሙ ሳይሆን ሁለት ጊዜ በስሱ። አኳራጃ በማብዛት ቀለሙን ማቅጠን ለጊዜው ቍጠባ ይመስላል፤ የሚቀረው ሽፋን ግን ሳስቶ ቶሎ ያልቃል።

ሰዓቱም እንደ ከተማው ይለያያል። በደሴ ጤዛው እስኪተን ከረፋዱ 4 ሰዓት ድረስ መጠበቅና የማታው ቅዝቃዜ ሳይመጣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ማቆም ይገባል። በኮምቦልቻ ግን በማለዳ ቆርቆሮው እንደ ደረቀ ተጀምሮ፣ እጅ ሲያስቀምጡበት የሚያቃጥል ሲሆን ይቋረጣል፤ በጋለ ብረት ላይ ቀለሙ ከላይ ደርቆ ከሥር እርጥብ ስለሚቀር ውኃ ይቋጥራል። ለሁለቱም ከተሞች የሚመቹት ወራት ጥቅምትና ኅዳር ናቸው።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለ። ጥንት የተቀቡ ቀለሞች እርሳስ የተባለው መርዛም ማዕድን ሊኖርባቸው ስለሚችል በደረቁ አይፈቀፈቁ፤ በውኃ እየረጠቡ ይነሡ፤ ሕፃናትም ከአጠገቡ ይራቁ። ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው እግሩን ማሳረፍ ያለበት በሚስማሮቹ መስመር ነው፤ ከሥራቸው ማገር አለና። በእርጥብ ቆርቆሮ ላይ መውጣት ፈጽሞ አይገባም።

በአዳዲስ ሕንፃዎች ላይ የምታዩት የአሉሚኒየም መስኮት ግን ጠባዩ ይለያል። አሉሚኒየም አየር ሲያገኘው እጅግ ስስና ጥብቅ ሽፋን ራሱ ያበጃል፤ ሽፋኑ ስለማይላላጥ ጉዳቱ ከዚያ አያልፍም። በለስላሳ ጨርቅና በሳሙና ማጠብ ይበቃዋል። በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግና ኖራ ወይም ሲሚንቶ ማስነካት ግን ያበላሸዋል።

ከበልግ በፊት አንድ ቀን፣ ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት፣ ኮርኒስ በሌለው ክፍል ገብታችሁ በርና መስኮቱን ዝጉና ወደ ላይ ተመልከቱ። እንደ ኮከብ የሚያበሩ ነጥቦች ካያችሁ የዝገት ወይም የሚስማር ቀዳዳዎች ናቸው። ቦታቸውን በወረቀት ላይ ነድፋችሁ ለሚጠግነው ሰው ስጡ።